ለይሉኝታ ያልተሰላው ጋን

ዛሬ አንዲት ዶሮ ብቻዋን ሊፍት አሳፍሬ እኔ ምድር ቤት ቀረሁ።

የምንኖረው መሪ ሠፈር ነው፣ ልጃችን ባከራየን ፎቅ ላይ፣ ስድስተኛ። ባከራየን ያልኩት ለወጉ ነው፤ ኪራይ ጠይቆን አያውቅም። ባለቤቴ እንግዳ ጠርታ ስለነበር ዶሮ ግዛ ብላ ላከችኝ። ገዝቼ ስመለስ እግሯ የታሰረችውን ዶሮ ከሽንኩርቱ ዘንቢል ጋር ሊፍቱ ውስጥ አስቀምጬ የስድስተኛውን ፎቅ ቁልፍ ተጫንኩና ልገባ ስል፣ ከኋላዬ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ደረሱ። ሰው ቆሞ እያየ ቀድሞ መግባት የት ያደግኩበት ነው? ወጣ ብዬ "ይግቡ" አልኳቸው። "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" አሉኝ። "በሞቴ" አልኩ። "አፈር ስሆን" አሉ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እጃችንን ወደ በሩ ዘርግተን ስንለማመን በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ ዶሮዋን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ብዙም ሳይርቅ መብራት ጠፋ።

ከላያችን፣ ከሁለት ፎቆች መሃል፣ ጨለማ ውስጥ ዶሮዋ ታስካካለች። ሽማግሌው ሽቅብ አንጋጠው ካዳመጡ በኋላ፣ "አዩ፣ ቢገቡ ኖሮ" አሉኝ በሐዘኔታ። እኔ ብገባ ኖሮ አሁን ከዶሮዋ ጋር የማስካካው እኔ መሆኔ አልታያቸውም። ለባለቤቴ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። "አንተና አባቴ!" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አባቷ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኔና እሳቸው በአንድ ትንፋሽ የምንጠራበት ምክንያት ግን አለ። መብራቱ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ከሽማግሌው ጎን ቁጭ ብዬ ያስታወስኩት እሱን ነው።

ያኔ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና የወጣሁ፣ ጢሜ ሳይሞላ ኩራቴ የሞላ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከለጋሲዮን ገበያ ትኩስ ብስኩት በወረቀት አስጠቅልዬ እየበላሁ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ብስኩቱ ሲያልቅ ትንፋሼም ያልቃል፣ መሰንጠቂያው በር ላይ ስደርስ ሁለቱም የሉኝም። ዘበኛው በየቀኑ "ኢንጂነር፣ ዛሬም በእግርህ?" ይለኛል፣ ሌላ ምን ነበረኝና።

ነዳጅ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። የመሰንጠቂያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ንጉሤ ብልጥ ሰው ስለነበሩ ነዳጅ የማትጠጣ ሞተር ከየት እንዳመጡ ሳይታወቅ አመጡ። ጋዝ ነው የምትበላው፤ ጋዙ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ ይወጣል። ቁርጥራጩ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ አየር እየተነፈገው ሲጨስ፣ ጢሱ ቀዝቅዞና ተጣርቶ በቧንቧ ወደ ሞተሯ ይሄዳል። የሞተር ክፍሉ ሁልጊዜ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበረው። ጉንፋን የያዛቸው የሠፈሩ ሰዎች ሰበብ እየፈለጉ እየገቡ ታጥነው ይወጡ ነበር።

ሞተሯን "እሜቴ" እንላታለን። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፣ በጎኗ ያለው የብረት መንኮራኩር ደግሞ ከበር ይሰፋል። ስሙን ያወጡላት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ሳትለመን ስለማትነሳ። ትንሽ መኪና በቁልፍ ይነሳል፤ እሷን የሚያህል ሞተር ግን ቁልፍም ባትሪም አይሆነውም። የሚቀሰቅሳት የታመቀ አየር ነው። አየሩ በትልቅ የብረት በርሜል ተጨቁኖ ይቀመጣል፤ መክፈቻው ሲለቀቅ ፒስተኖቿን ገፍቶ ያዞራታል፣ ስትዞር ጋዙን ትስባለች፣ እሳቱ ሲይዝ በራሷ ትቀጥላለች። በርሜሉን "ጋን" ነበር የምንለው። አሮጌው ጋን ቂጡ ዝጎ ማፏጨት ሲጀምር፣ አዲስ ይሠራ ተባለ። ልኩን የማስላት ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

አንባቢ እንዳይሰለች ስሌቱን በጠላ ልንገር። ድግስ ልትደግስ ነው እንበል። አንድ እንግዳ ስንት ይጠጣል? ስንት እንግዳ ይመጣል? ይኸን ካወቅክ የጋንህን ልክ አወቅክ ማለት ነው። የእኔም ነገር ይኸው ነበር፤ እሜቴ ለአንድ መነሳት ስንት አየር ትጠጣለች፣ ስንት ጊዜስ ትሞከራለች? አንድ ነገር ብቻ አይረሳም። የጠላ ጋን ታችኛው አተላ እንደሆነ፣ የአየር ጋንም ታችኛው አይጠቅምም፤ ግፊቱ ከወረደ አየሩ ይኖራል እንጂ ጉልበት የለውም። በዚያ ላይ እንጦጦ ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ የአየር መሙያው ብዙ ጎርሶ ጥቂት ነው የሚውጠው። ይኸን ሁሉ አስቤበታለሁ። ጋኑን ለአራት ማስነሻ አሰላሁት፤ አንዱ ለእሜቴ ኩርፊያ፣ አንዱ ለእርጥብ እንጨት፣ አንዱ ለእኔ ስሕተት፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ሌሊት ሌሊት ሒሳቡን እየደጋገምኩ በራሴ ስደነቅ ነበር የምተኛው።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበረው። የአየር መሙያው የሚዞረው በራሷ በእሜቴ ቀበቶ ነው። እሷ ካልተነሳች አየር የለም፣ አየር ከሌለ እሷ አትነሳም። አዲሱን ጋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞሉልን፣ በራሳቸው የአየር መሣሪያ፣ የዳገቱን ድንጋይ ይፈነቅሉ የነበሩ የመንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ ሞልተውልን ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ጋኑ ሞልቷል፣ ለአራት ጊዜ ይበቃል፣ ምን ይመጣል አልኩ።

ለእኔ የዚያን ዕለት ምረቃ የሞተር ምረቃ ብቻ አልነበረም። የቢሮው ታይፒስት ጥሩነሽ ነበረች። አባቷ አቶ መኩሪያ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ያላቸው፣ ለመሰንጠቂያው ግንድ የሚሸጡ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ "ልጁ ጨዋ ነው ይባላል፤ ግን እሱ ራሱ ገና የሙከራ ቅጥር ነው አሉ። ቋሚ ሲሆን ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው። አቶ ንጉሤን ስለ ቋሚነቴ ስጠይቃቸው ደግሞ፣ በምረቃው ቀን እሜቴ ከተነሳች ደብዳቤዬን እንደምወስድ፣ ካልተነሳች ዳገቱን ለመውረድ መኪና እንደማያስፈልገኝ ነገሩኝ። ስለዚህ ቋሚ ሥራዬም፣ ጥሩነሽም፣ ሽማግሌዎቹም ተጨቁነው የተቀመጡት እዚያ ጋን ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ። የሰኔ ጾም ነበርና ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ጠላው በዳስ ውስጥ ተደርድሯል። ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ግን ደመናው እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ መጡ። ከራጉኤል አባ ተክሌ ወረዱ። አቶ መኩሪያ በነጭ ጋቢ ደመቁ። ጸበል ተረጨ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከዚያ አቶ ንጉሤ ወደ መክፈቻው እያመለከቱ ኃላፊውን እንዲያስጀምሩ ጋበዟቸው።

መክፈቻው በአንድ ጊዜ ወለል ተደርጎ ተከፍቶ፣ እሳቱ እስኪይዝ መያዝ አለበት። ይኸን ለአቶ ንጉሤ ነግሬ ነበር፤ እሳቸውም ለኃላፊው ነግረዋል። ግን ጨዋ ሰው ገበታ ላይ እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ ታውቃላችሁ፤ ከዳር፣ ቆንጠር። ኃላፊውም መክፈቻውን ከዳር ቆንጠር አደረጉት። ጋኑ ጺስ አለ። እሜቴ እንደ ተኛ ሰው ገላመጥ ብላ፣ መንኮራኩሯን ሩብ ያህል አዙራ፣ መልሳ ተኛች። ሰው አጨበጨበ። ኃላፊው እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ለእሳቸው ይኸ እንደሚበቃ፣ ቀሪውን አቶ ንጉሤ እንዲጨርሱት አጥብቀው ለመኑ።

አቶ ንጉሤ ያውቁ ነበር። ግን ከአለቃ በላይ መክፈት ድፍረት ነው። ኃላፊው ከከፈቱት ትንሽ ቀነስ አድርገው ከፈቱ። ጺስ። እሜቴ አንዱን ትከሻዋን ነቀነቀች። አሁን ደግሞ ግንዱ የእርስዎ ነው ተብለው አቶ መኩሪያ ተጋበዙ።

አቶ መኩሪያ የይሉኝታ ንጉሥ ነበሩ። እንኳን የጋን መክፈቻ፣ የገዛ ቤታቸውን በር ሳያንኳኩ አይገቡም ይባል ነበር። "ኧረ እኔ ምን ሰው ነኝና" ብለው እምቢ አሉ። ተለመኑ፣ ተጎተቱ፣ እጃቸው መክፈቻው ላይ ተደረገ። እጃቸው እዚያው እንዳለ ፊታቸውን ወደ አባ ተክሌ አዞሩና "አባቴ፣ እርስዎ እያሉማ!" ማለት ጀመሩ። አባ በሞቴ አሉ። እሳቸው አፈር ስሆን አሉ። በዚህ ሁሉ መሃል መክፈቻው ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ጋኑ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ደከመ በሬ ይተነፍሳል። የግፊት መለኪያው ቀስት ቁልቁል ሲሄድ አየዋለሁ።

"አባባ፣ ይዝጉት" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ግን ገና ልጃቸውን ያልሰጡኝን ሰው፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ይዝጉ ብዬ ላዝዛቸው? አፌን ከፈትኩ። የወጣው፣ "አባ ቢሆኑም ደስ ይላል፣ እርስዎ ቢሆኑም ደስ ይላል" የሚል ነበር።

በመጨረሻ አባ ተክሌ ተሸነፉ። አማተቡ፣ ጸለዩ፣ እንደ ሌሎቹ ሳይሆን ወለል አድርገው ከፈቱት። ጋኑ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ዝም አለ። እሜቴ ንቅንቅ አላለችም።

አቶ ንጉሤ በጎን ወደ እኔ መጡ፣ ፈገግታቸውን ለእንግዶቹ እያሳዩ፣ ድምፃቸውን ለእኔ ብቻ።

"ሽፈራው፣ ለስንት ጊዜ ነው ያሰላኸው?"

"ለአራት ጊዜ።"

"ስንት ሰው ከፈተው?"

"አራት።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

ለአራት ማስነሻ እንጂ ለአራት ሰው ይሉኝታ አላሰላሁም ልላቸው አሰብኩ። ግን ቋሚ ላልሆነ ሰው ረጅም መልስ ነው። ጥሩነሽ ዳሱ ውስጥ ሳህን ይዛ ቆማ ታየኛለች። አቶ መኩሪያ ሞተሯን ቀርበው እያዩ፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳይሆን በጣም ተጨንቀዋል። ጨነቀኝና ወደ ግቢው ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ የግንድ ጫኙ ሾፌር ተገኝ አለ። ጣውላ ጭኖ ዝናቡ ሳይመጣ ሊወርድ፣ ሞተር አስነስቶ፣ በአንድ እጁ ስልጆ የጠቀለለ እንጀራ ይዞ ይጎርሳል። ወሬው ደርሶታል።

"ኢንጂነር፣ ጠላው ሳያልቅ አየሩ አለቀ?" አለኝ።

መልስ ልሰጠው ስዞር መኪናው ከሆዱ ሥር ጽሽ አለ። ትልልቅ መኪኖች ለፍሬናቸው አየር ያምቃሉ፤ ሲሞላባቸው ትርፉን ይተፉታል። አንድ ወር ስለ አየር ሳሰላ ከርሜ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ በከንቱ እየተተፋ ያለ አየር መኖሩን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ያለኝን ሁሉ አንድ ላይ ነገርኩት፤ ጋኑን፣ ቋሚ ደብዳቤውን፣ ጥሩነሽን። ተገኝ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና ወደ ራጉኤል አንጋጠጠ። ደመናው ጠቁሯል። የዳገቱ አፈር አንዴ ከራሰ ጣውላ የጫነ መኪና አይወርድበትም፤ ቤቱ ደግሞ ሚስቱ እየጠበቀችው ነበር።

"አበድርሃለሁ" አለኝ። "ግን ብር አልቀበልም፣ ምስጋናም አልቀበልም። አየር ነው የምትመልስልኝ።"

ጎማ የሚሞላበትን ቱቦ አመጣ። አፉ ከጋኑ አፍ ጋር አልገጠመም፤ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጠን ጠቀለልነው፣ በሽቦ አሰርነው። መኪናው እያጓራ አየር ሲግት እንግዶቹ ስልጆውን ጨረሱ፣ ወደ ሱፉ ተሻገሩ። ዝናቡ ከነበረዶው መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ሰውን አይሰማም ነበር። ተገኝ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ በረዶውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን መልሶ አስገባ። ቀስቱ ከሚገባው ግማሽ ሳይደርስ አልወጣም ብሎ ቆመ። ለመኪና ፍሬን የታሰበ አየር ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ለአንድ ሙከራ ቢበቃ ነው፣ ያውም ዕድል ከቀናን።

ስለዚህ እሜቴን ለመንናት። ከወጥ ቤት የፈላ ውኃ እያመጣን ሰውነቷን አሞቅንላት። መንኮራኩሯን በአጣና እየገፋን፣ አየሩ ጥሩ አድርጎ የሚገፋበት ቦታ ላይ አቆምነው። አዲስ ጋዝ እንዲመጣ ምድጃውን አራገብን። አቶ ንጉሤ አሁን ማንንም አልጋበዙም። "አንተው ክፈት" አሉኝ።

እጄን መክፈቻው ላይ አደረግኩ። ሁሉም ከብቦኛል። ልክ ልስበው ስል፣ አቶ መኩሪያ በአጠገቤ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው አየኋቸው። አንጀቴን በሉት። ምን ነካኝ አትበሉኝ፤ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። እጄን ከመክፈቻው አንስቼ፣ "አባባ፣ እርስዎ ይሞክሩት" አልኩ።

አቶ መኩሪያ ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ አንተው…"

"በሞቴ" አልኩ።

"ሽፈራው፣ ክፈተው!"

ጥሩነሽ ነበረች። ሳህኗን እንደያዘች፣ በአባቷ ፊት፣ በኃላፊው ፊት፣ በካህኑ ፊት። በዚያ ዘመን አንዲት ልጃገረድ ሽማግሌ የተላከባትን ወንድ በስሙ ጠርታ ማዘዝ ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብደኛል። እጄ ከእኔ ቀድሞ ታዘዘ፤ ወለል አደረግኩት፣ ይዤም ቆየሁ።

እሜቴ ገላመጠች። አቃሰተች። መንኮራኩሯ አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛውን ለመዞር እያመነታ ወጣ፣ እላይ ሲደርስ ሊቆም ነው ስንል፣ እሜቴ አንድ ጊዜ ሳል አለች። ከዚያ ዱም አለ። ቀጥሎ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ወለሉ ከእግራችን ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳህኖቹ ተንጫጩ፣ አባ ተክሌ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

አቶ መኩሪያ ወደ ሞተሯ አላዩም። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ አቶ ንጉሤ ጠጋ ብለው በጩኸቱ ላይ፣ "ደብዳቤውን ብዙ አይድከሙበት፤ ይቺ ልጅ ቀድማዎት ቋሚ አድርጋዋለች" አሏቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ብዙ አልቆዩም። ጥር ላይ ተጋባን። አቶ መኩሪያ በሠርጋችን ቀን ከዳሱ በር ላይ "ሙሽሮች ይቅደሙ"፣ እኔ "ኧረ እርስዎ" ስንባባል ዘፋኞቹ ሁለት ዘፈን ጨረሱ። "አንተና አባቴ" ከዚያን ቀን ጀምሮ የተሸከምኩት ስም ነው። እሜቴም ብዙ ዓመት ሠራች፤ አቶ ንጉሤ ግን በራሱ ሞተር የሚሠራ ሌላ የአየር መሙያ ገዙ። በሚቀጥለው ምረቃ እንግዶቹ ሪባን እንዲቆርጡ ብቻ ተደረገ።

ተገኝ ግን አልወረደም። ጭቃው ያዘው። በበረዶው መሃል፣ ጣውላው እንደተጫነ፣ በጋቢናው ውስጥ፣ ከድግሱ የተረፈውን ሱፍ እየበላ አደረ፤ ሲወርድ ሚስቱ ያለችውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

መብራት መጣ። ሊፍቱ ሽቅብ ሲሄድ ሰማነው፣ ቀጥሎም ከስድስተኛው ፎቅ የባለቤቴ ሳቅ። ዶሮዋ ደርሳለች። ሊፍቱ ተመልሶ ሲወርድ በሩ ተከፈተ፤ እኔና ሽማግሌው ተነሳን፣ ተያየን፣ እጃችን በልማድ ወደ በሩ ተዘረጋ።

"ሽፈራው፣ ግባ!" የሚል ድምፅ በደረጃው መጣ።

ገባሁ። ሽማግሌው ተከትለውኝ ገቡ፤ የሚኖሩት ከእኛ በር ትይዩ መሆኑን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ማታ ለተገኝ ደወልኩለት። ለጋሲዮን፣ ያው አሮጌው ቤቱ ነው ያለው፤ ከመኪና ከወረደ ቆይቷል። በተገናኘን ቁጥር ከሰላምታው በፊት "አየሬስ?" ይለኛል። አንድ ጊዜ ለልጅ ልጁ ጥሩ አድርጌ የነፋሁት ኳስ ወስጄለት ነበር። በሁለት አውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተነውና፣ "ይቺ ወለዷ ናት፤ ዋናዋ የታለች?" አለኝ። ዛሬ የዶሮዋን ነገር ስነግረው ሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሳቀ፣ በመጨረሻ ሳቁ እንደዚያ ጋን ረጅም ትንፋሽ ተነፍሶ ዝም አለ። ደነገጥኩ። ቆይቶ ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አየህ፣ የቀረችኝንም አየር አስጨረስከኝ። ይቺንም ጨምርባት።"

ጨምሬያለሁ። መካድ አልችልም፤ ስታልቅ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።